ቅቤ የተቀባው ብረት

ግንቦት 10 ቀን 1955
ወጣ። ያ የተማመንኩበት ብረት ወጣ። የተንጠልጣይ ድልድዩን የብረት ገመድ በበሬ ስናስጎትት፣ ገመዱ የታሰረበት፣ አርማታ ውስጥ የቀበርኩት ብረት ከጭቃ እንደሚነቀል ካስማ ሾልኮ መጣ። አርማታው አልተሰነጠቀም። ሲሚንቶው ደህና፣ አሸዋው የታጠበ። ታዲያ ምኑ ላይ ተሳሳትኩ? ጭቃ ሹሙ "እንግዲህ ክረምቱ ደረሰ" ብለው ብቻ ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ዓምና ወንዙ የእማማ ዘውዴን ልጅ የወሰደው ከዳንግላ ገበያ ሲመለስ ነው። ድልድዩም የታሰበው ከዚያ ወዲህ ነው። ዘንድሮ ሌላ ሰው ቢወስድ፣ እኔ በየት አገር እኖራለሁ?

ግንቦት 11
ብረቱን አገላብጬ አየሁት። ሲሚንቶ የሚባል አልያዘውም። አሸተትኩት። ቅቤ።

ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ኋላ እማማ ዘውዴ ራሳቸው መጡ። "እኔ ነኝ፣ ልጄ። አርማታው ሊፈስ ሲል በማለዳ መጥቼ ቀባሁት። ለሙሽራ አናት ቅቤ ይደረግ የለ? ልጄን ሳልድረው ቀረ፤ ለዚህ እንኳ ወጉ ይድረሰው ብዬ።"

ቅቤ የነካውን ብረት ሲሚንቶ አይጨብጠውም። ይህን ለእርሳቸው እንዴት ብዬ ልንገር? "ደግ አደረጉ" አልኩና ከግንቡ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

ግንቦት 12
ሚካኤል። ዶማ የሚያነሳ የለም። ደመናው በእንጅባራ በኩል ተከምሯል። በዓሉንም አላከበርኩ፣ ሥራም አልሠራሁ።

ግንቦት 14
ትናንትና ዛሬ አርማታውን ስንፈልጥ ዋልን። እጄ ቆስሏል። ብረቱን በአመድና በፈላ ውሃ ፈተግነው፤ ቀጥቃጩም ጫፉን በእሳት እንደ መንጠቆ ቆለመመልኝ። ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ። ማታ መልሰን ሞላን። ሲሚንቶው አለቀ። ይህ ካልያዘ ሌላ የለም።

ግንቦት 26
ዘነበ። አርማታውን በሣር ሸፈንኩት። ወንዙ ደፍርሷል፣ ሰው ግን ዛሬም በእግሩ ይሻገራል። "ቆዩ እንጂ" ስላቸው "እስከ መቼ?" ይሉኛል።

ሰኔ 6
በሬዎቹ ጎተቱ። ገመዱ ተወጥሮ ሲያቃስት ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ብረቱ እዚያው ነው። ሌላ ጥማድ ጨመርን። አልተነቃነቀም። ክረምቱን ይችለው እንደሁ እግዜር ይወቅ።

ዞር ስል እማማ ዘውዴ ቅቤ በቅል ይዘው ቆመዋል። ደነገጥኩ።

"ነግረውኛል" አሉ። "ብረቱን አልነካም። አንተ ጎንበስ በል።"

ጎንበስ አልኩ።