ስለ ሦስት መቶ ደቂቃ ስጦታዎ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመገናኛ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የታሪፍና የደንበኞች ምደባ ዋና ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለመሥሪያ ቤትዎ ባልደረቦች ጤና፣ ረጅም ዕድሜና የማይቆራረጥ መስመር እመኛለሁ። የመጨረሻውን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ ለእኛ ቤት ስመኘው ዓመት አልፎኛል፣ ምኞቴ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ለአንድ ሰው እንኳ ይድረስ ብዬ ነው።

ባለፈው ወር በመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ኮፍያዬን አውልቄ፣ ቆሜ አንብቤዋለሁ። የቤት ኢንተርኔት ለኑሮ አስፈላጊ ያልሆነ የምቾት አገልግሎት መሆኑን፣ በዚህም ምክንያት ዋጋው በእጥፍ ማደጉን፣ የድምፅ ጥሪ ግን የሰው ልጅ መሠረታዊ ፍላጎት ስለሆነ አለመነካቱን ይገልጻል። አንድ ነገር አስፈላጊ አለመሆኑ ሲታወቅ ዋጋው ለምን እንደሚወደድ ለመረዳት ብዙ ደክሜአለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የተማርኩት ቁም ሣጥን መሥራት እንጂ ታሪፍ ማውጣት አይደለም።

እንግዲህ አናጢ ነኝ፤ የምኖረውም ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ በአራት ዓመቷ ታማ ከዳነች ወዲህ ጆሮዋ አይሰማም። በዚያን ጊዜ የሚቀበላት ትምህርት ቤት ስላልተገኘም ፊደል አልቆጠረችም። የምትናገረው በእጇ ነው፤ ስትናገር ደግሞ ለጉድ ነው፣ በሁለት እጇ የምታወራውን ወሬ ሦስት ጎረቤት ተሰብስቦ በአፉ አይደርስባትም። እህቴ ከእኛ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ርቃ ትኖራለች፤ የዓመት ከስምንት ወር ልጅ አለቻት፤ ልጅቷም እንደ አያቷ አትሰማም። እህቴና እኔ የምልክት ቋንቋ ብንችልም እየተንተባተብን ነው፤ አቀላጥፎ የሚችለው በቤተሰባችን እናቴ ብቻ ናት። ስለዚህ ዘወትር አሥር ሰዓት ሲሆን የስፌት መኪናዋን ሸፍና፣ እጇን ታጥባ፣ በምስል ጥሪ ስክሪኑ ፊት ትቀመጥና ለልጅ ልጇ ቋንቋ ታስተምራለች። ወተት፣ ውሻ፣ ጫማ፣ እምቢ። ለዚያች ልጅ ቋንቋ የሚገባላት በዚህ አስፈላጊ አይደለም በተባለ መስመር በኩል ነው።

ከዚህ የተነሣ የሚከተሉትን ቅሬታዎች፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎች፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ቅናሽ ማመልከቻ ቅጽዎ። «የአገልግሎቱ ዓላማ» ከሚለው ፊት ለፊት ሥራ፣ ትምህርት፣ ሕክምና እና መዝናኛ የሚሉ አራት ሣጥኖች ተደርድረዋል። መነጋገር የሚል ስላጣሁ አምስተኛ ሣጥን ራሴ ሣልኩ፤ ሙያዬ ነውና ማዕዘኑ የእናንተን ያስንቅ ነበር። የመስኮት ቁጥር አራት ሠራተኛ፣ ትሕትናዋን ያብዛላትና፣ ሣጥኔን በነጭ ቀለም ሸፍና፣ ምስል ያለበት ጥሪ ሁሉ መዝናኛ መሆኑን ከመመሪያው ላይ በጣቷ እየጠቆመች አስነበበችኝ። ስለዚህ እናቴ የተናገረችው ሁሉ በመሥሪያ ቤትዎ መዝገብ መዝናኛ ነው። የደም ግፊት ኪኒኗ ማለቁን ሥራ ቦታዬ በምስል ደውላ ስትነግረኝ ጭምር ለካ እየተዝናናሁ ኖሯል።

2ኛ. ስለ ዝቅተኛው ጥቅል። አዲሱ ዋጋ ስለከበደን ወደዚህ ጥቅል ወርደናል። እውነት ለመናገር ድምፁ ኩልል ብሎ ይመጣል፤ የእህቴ ቤት ቧንቧ ሲንጠባጠብ ሳይቀር እሰማለሁ። ምስሉ ግን በየአፍታው ቀጥ ይላል፤ የእናቴ እጅ አየር ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፣ ጣቶቿ ይደበላለቃሉ፣ የቃሉ መጨረሻ ሳይታይ ሌላ ቃል ይጀመራል። መጀመሪያ ላይ ልጅቷ ስክሪኑን በመዳፏ ትመታው ነበር፤ ቀጥሎ ታለቅስ ጀመር። ባለፈው ሳምንት ግን አላለቀሰችም፤ ፊቷን አዙራ ሄደች። እናቴ እዚያው ቁጭ ብላ ቀረች፤ ለማግስቱ ቀጠሮ የተሰጠበት የሰው ሱሪ ሳይሰፋ አደረ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ መስመር ላይ ስደርስ ጨዋነቴ አልቆብኝ ብዕሬን አስቀምጬ ተነሥቼ ነበር። ተናድጃለሁ። ውኃ ጠጥቼ ተመልሻለሁ፤ ልቀጥል።

3ኛ. ስለ ስጦታዎ። መሥሪያ ቤትዎ ሦስት ጊዜ ያስረዳሁትን ጉዳይ በጥልቅ ሐዘኔታ ከመረመረ በኋላ፣ ቅናሹን ነሥቶ፣ የእናቴን መስማት አለመቻል ከግምት በማስገባት በየወሩ የሦስት መቶ ደቂቃ ነጻ የድምፅ ጥሪ ሰጥቷታል። ማኅተሙን አይቼ እስካረጋግጥ ድረስ የጎረቤት ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለእናቴ በእጄ ተረጎምኩላት። በቀን አሥር ደቂቃ እንደሚደርሳት ስነግራት ትንሽ አሰበችና፣ ሰውየው ቸር ነው፣ ግን ደኅና ነው ወይ ስትል ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ ለማጣፈጫ የጨመርኩት አይደለም፤ አደራ ስላለችኝ ነው የማደርሰው።

4ኛ. ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ለመዝገብ ያህል ነው። ስጦታው የሚጸናው ባለ መስመሯ ተደውሎላት በገዛ ድምጿ «እቀበላለሁ» ስትል ነው ተባለ፤ መስመሩም በእናቴ ስም ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ተደወለ። ማታ በእጇ እንደነገረችኝ፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ አነሣችው፤ ሰዎች ሲያደርጉ እንዳየችው ጉንጯ ላይ አስጠጋችው፤ የደወለው ሰው እንዳይከፋው ፈገግ ብላ ጠበቀች፤ መብራቱ ሲጠፋም ቀስ ብላ አስቀመጠችው። በሳምንቱ፣ «ደንበኛዋ የቃል ምላሽ ለመስጠት ፈቃደኛ ባለመሆናቸው ስጦታው ተሰርዟል» የሚል ደብዳቤ ደረሰን። እናቴ በስድሳ ሰባት ዓመቷ ያልተባለችው የለም፤ መናገር እምቢ ያለች ለመባል ግን የእርስዎን ሹመት መጠበቅ ነበረባት።

ክቡር ሆይ፣ በነጻ ይሁንልን አላልኩም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የእናቴን መነጋገር መነጋገር ብላችሁ መዝግቡልን። በአፉ ከሚያወራ ሰው የምትቀበሉትን ያህል በእጁ ከሚያወራውም ተቀበሉ። ቤት ውስጥ አስፈላጊው ነገር የትኛው እንደሆነ ለመለየት ኮሚቴ ካስፈለጋችሁ፣ ፊቷን አዙራ የሄደችውን ልጅ አባል አድርጓት፤ አበል አትጠይቅም።

በመሥሪያ ቤትዎ ትዕግሥትን ተምሮ ገና ያልተመረቀ፣ በየወሩ በቀኑ ከፍሎ በየቀኑ የሚዝናና፣ መንገድ ላይ ቢያገኝዎ ጎንበስ ብሎ ሰላም ከማለት የማይቦዝን ታማኝ የምቾት ደንበኛዎ፣

አናጢው፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ግልባጭ፦
ለመስኮት ቁጥር አራት፣ ከነጭ ቀለሟ ጋር እንዲቀመጥ፤
ለእናቴ፣ በእጅ የሚነገራት።

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ይህን ስጽፍ እናቴ አጠገቤ ነበረች፤ እሷም ለእርስዎ አንድ መልእክት በእጇ ነግራኛለች። በፊደል ልጽፈው ብሞክር ከእንዲህ ያለ ጨዋ ደብዳቤ ጋር የሚሄድ አልሆነም፤ በምስል እንዳልልከው መዝናኛ ይሆንና ያስከፍለናል። ከአሥር ሰዓት በኋላ ከቤት አትጠፋምና ብቅ ቢሉ ፊት ለፊት ትነግርዎታለች፤ መልእክቷ አጭር ናት፣ አንድ እጅ ይበቃታል። እስከዚያው እንዲያውቁት ያህል፣ ልጅቷ መስመሩ ከመዳከሙ በፊት አጥርታ የያዘችው የመጨረሻ ቃል «እምቢ» ነው። እናቴ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ጋር ለመኖር ለልጅቷ እሱ ይበቃታል ብላለች።