የኔን «አቤት» እነሱ አሉት

አንተ ጎፈሬ፣ ማበጠሪያ ገዛህ ወይስ ፀጉርህ ላይ አሁንም ወፍ ይፈለፈላል? እኔ እንግሊዝኛ ልማር መጥቼ የአማርኛ አስተማሪ ሆኜልሃለሁ። ከየአገሩ የመጡት የክፍሌ ልጆች «እናንተ ጋ ሰው ሲጠራ ምን ይላል?» ቢሉኝ «አቤት» አልኳቸው። ወደዷት! አስተማሪዋ ስም በጠራች ቁጥር መልሱ «አቤት!» ሆነ።

ትናንት በጭውውት ሰዓት፣ ከባዶው ኮሪደር አንድ ድምፅ «አንበጣ!» ብሎ ተጣራ። ክፍሉ በሙሉ እየሳቀ በአንድ አፍ «አቤት!» አለ። እኔ ብቻ ዝም አልኩ። እዚህ አንበጣ መባሌን የሚያውቅ የለም፤ ድምፁ ደግሞ ቁርጥ ያንተ ነው። በሩን ብከፍት ማንም የለም። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «እኛ አገር የማይታይ ሰው ሲጣራ መልስ አይሰጥም፤ እናቴ ትቆጣለች» አለችኝ።

«የኔም» አልኳት። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፤ እሷ መልሳለቻ!

የፖስታ ካርዱ ላይ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። እናቴን ሳምልኝ፤ ይቺን ግን እንዳታነብላት። «ደህና ነኝ» ብለህ ቶሎ ጻፍልኝ፣ ቀልዴን አይደለም። ስትጠራኝ ዝም ያልኩህ ፈርቼ ነው እንጂ ንቄህ አይደለም። ይኸው አሁን፦ አቤት!

አንበጣ