ጠራቢው ሰባተኛው መስመር ሳይደርስ

ለአካይያ ከተሞች ኅብረት የጦር አለቃ
ለክቡር ክሌኦሜዶን
አይጊዮን

ቀን፦ ጉባኤው በተበተነ በአራተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ጉዳዩ፦ የሊካሶን ምንጭ ለጎረቤት እንዲሰጥ የወጣው ውሳኔ በድንጋይ ላይ ከመቀረጹ በፊት እንዲታገድልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ፓንታይኖስ አይብ ሠሪ ነኝ። ዘንድሮ በማታ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ የከተማችን የሊካሶን አንደኛ አንባቢ ሆኛለሁ፤ ሁለተኛ የለም። ይህንም ማንም ሳይረዳኝ በገዛ እጄ እየጻፍኩ ነው።

2. ለጉባኤው አራት ሆነን ተነሣን። ወንዙ ሞልቶ ሦስቱ ሲመለሱ እኔ በበቅሎ ጥሼ ተሻገርኩ። ድምፅ የሚሰጠው በሰው ቁጥር ሳይሆን በከተማ ስለሆነ፣ ሊካሶን ማለት ያን ቀን እኔ ብቻ ነበርኩ።

3. የውሳኔው ሐሳብ በነጭ ሰሌዳ ተጽፎ ተሰቅሎ ነበር። ጮክ ብዬ ሳነብ ሰው ከበበኝ። ሦስተኛው መስመር በወንዙ ላይ ድልድይ ይሠራ ይላል። «አንተ ሰው፣ እንዴት ያለህ ሊቅ ነህ!» ሲሉኝ ደረቴ አበጠ፤ ከዚያ በታች ያለውን አላነበብኩም። አዋጅ ነጋሪው ሁሉንም ሲያነብ ደግሞ «ለእኔ ምን ይነግረኛል!» ብዬ ከጎኔ ላለው ሰው ስተርክ ነበር። «ሊካሶን!» ተብሎ ሲጠራ ተነሥቼ ጣሪያው እስኪናጋ «ተስማምተናል!» አልኩ። የጎረቤታችን የቴርሞና ከተማ መልእክተኛ አቀፈኝ። ስለ ንባቤ መስሎኝ ነበር።

4. ጉባኤው ከተበተነ በኋላ ተመልሼ ሳነበው፣ ሰባተኛው መስመር ድልድዩን ለሚሠሩት ለቴርሞና ሰዎች የሊካሶን ምንጭ ከነግጦሹ ይሰጥ ይላል። አርባ አባወራ ከነፍየሉ ሌላ ውሃ የለውም።

ትናንት ከተመለሱት ከሦስቱ አንዱ የሆነው የሚስቴ ወንድም ወንዙ ጎድሎለት ደረሰ። ሰላምታም አልሰጠኝ። «ብቻህን ከተማ ሆንክ አሉ። እንግዲያው ብቻህን ተጠማ!» ብሎኝ ሄደ። 

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ደጅ ወደ ድንጋይ ጠራቢው፣ ከጠራቢው ወደ ደጅዎ እመላለሳለሁ። ጠራቢው ስድስተኛውን መስመር ጨርሷል። «ወንድሜ፣ እባክህ ቀስ በል» ስለው፣ «አባቴ፣ እኔ ማንበብ አልችልም፤ ቅርጹን እያየሁ ነው የምጠርበው። ቁም ካሉኝ እቆማለሁ፤ አንተ ግን አለቃዬ አይደለህም» አለኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣
ሀ) ጠራቢው ባለበት እንዲቆም እንዲያዝዙልኝ፤
ለ) በኅብረታችን ልማድ መሠረት ከሦስተኛ ከተማ ዳኞች መጥተው ምንጩንና የወሰኑን ድንጋዮች በዓይናቸው አይተው እንዲፈርዱ፤
ሐ) ጥፋቱ የእኔ ነውና ቅጣቱ በእኔ ላይ ብቻ እንዲሆን፣ በጉባኤ ዳግመኛ እንዳልናገርም ቢከለክሉኝ እንደማልከራከር አውቀው እንዲወስኑ

በትሕትና አመለክታለሁ። ይህን ማመልከቻ እስከ መጨረሻው ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ከጽሕፈት ቤትዎ ደጅ ላይ ቆሜ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ፓንታይኖስ የሚኪዮን ልጅ
የሊካሶን ሰው

ስሜን ስፈርም ጠራቢው ከምሳ ተመልሶ መዶሻውን አንሥቷል።