ቀይ አምፖል በሁዳዴ

መጋቢት 3፣ ጠዋት 12፡30

ቀፊራ ዛሬም አልበላችም። ፌንጣው ጥጉን ይዞ ያያታል፤ እሷም ታየዋለች። ብርዱ ነው። ሌሊት መብራት ሲሄድ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ አጠገቧ አኖርኩ።

ማስታወሻዬ፣ ድሬዳዋ እኮ እንደሷ ያለ እንሽላሊት በየቤቱ ግድግዳ ላይ ትንኝ ሲለቅም ያድራል፤ ዞር ብሎ የሚያየውም የለ። ይቺ ባለፈው ሳምንት ከእረፍት ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ገብታ አሰላ ድረስ መጣች። እኔን ነርስ ብለው መደቡኝ፤ እሷን ማን መደባት? አሳዘነችኝ፤ በድሬዳዋው ገበያ ስም ቀፊራ አልኳት። የመስታወት ሳጥን አገኘሁ፤ ከጫጩት ሻጮች ቀዩን የማሞቂያ አምፖል ገዛሁ። አከራዬ ወ/ሮ ጽጌ እንሽላሊት ሲያዩ ነፍሳቸው ይወጣል። አያውቁም። አይወቁም።

መጋቢት 5፣ ማታ

በላች! አቦ፣ በላች!

ጠዋት ከጤ/ጣቢያው ጓሮ፣ ፌንጣው በጭላሎ ንፋስ ደንዝዞ ሳይዘል ለቀምኩ። በተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት አንከባልዬ ሰጠኋት። ያለዚያ አጥንቷ ይለሰልሳል። በጾም ቅርፊት ከየት ይመጣል? የመድኃኒት ክፍሏ ከድጃ ከቤቷ ታመጣልኛለች። ትስቅብኛለች፤ ታመጣልኛለች።

መጋቢት 8

ጉድ ፈላ። ወ/ሮ ጽጌ ቆሻሻዬ ውስጥ ቅርፊት አዩ። ሁዳዴን ገደፈች ብለው ለግቢው ሁሉ አወሩ። እኔ! ከሽሮና ከጎመን ሌላ ያልቀመስኩት! እውነቱን ብናገር ቀፊራ በመጥረጊያ ትባረራለች፤ በዚህ ብርድ ውጭ አንድ ሌሊት አትዘልቅም።

መጋቢት 11፣ ማታ 3፡00

ይባስ ብሎ ቀዩ መብራት መጋረጃውን አልፎ ቅያሱ ድረስ ይታያል። አንድ ሰካራም በሬን አንኳኳ፤ ቢራ አለ ወይ ይላል! አባረርኩት። ወ/ሮ ጽጌ ሰምተዋል። እንቁላል፣ ቀይ መብራት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት። ደምረው ጨረሱኝ። አምፖሉን ዛሬውኑ አጥፊ አሉ።

በነጭ ልቀይረው? የሌሊት እንስሳ ናት። ሌሊቱን ሙሉ ነጭ ብርሃን ሲበራባት ተደብቃ ትቀራለች፤ አትበላም። ላጥፋው? በብርድ ደርቃ ትሞታለች። አላጠፋም። ያሻቸውን ይበሉ!

መጋቢት 12፣ ከሰዓት

ወ/ሮ ጽጌ የንስሐ አባታቸውን ይዘው መጡ፤ ሊያስመክሩኝ። ቄሱ ስለ ጾም ጀመሩ። አላስጨረስኳቸውም። ሳጥኑን አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ፤ እንቁላሉም መብራቱም ለእሷ ነው አልኩ። ቄሱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ወ/ሮ ጽጌ ወንበር ላይ ወጡ። «በስመ አብ! ምነው እንቁላሉን ራስሽ በበላሽው!»

ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ወይ እሷ ትውጣ ወይ አንቺ አሉ። ሁለታችንም እንወጣለን አልኳቸው።

መጋቢት 13

የከድጃ እናት የሚያከራዩትን ቤት አየሁ። ሁለት ክፍል ባዶ ነው። ከድጃ ለስሜ አስባ የጓሮውን ውሰጂ አለችኝ፤ መስኮቱ ለማንም አይታይም። ሌላው አስፋልቱ ላይ ነው። ባጃጁም፣ ገበያተኛውም፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውም ሁሉ በዚያ ያልፋል።

ትንሽ አሰብኩ። ምን አጠፋሁና ነው የምደበቀው?

የአስፋልቱን ወሰድኩ። መጋረጃ አልሰቅልም።