የባለሉካንዳው ልጅ ሂጃብ

እቴቴ፣ አሰላሙ አለይኩም። ዱዓሽ ባሕር ተሻግሮ እየደረሰን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከቁርጥማቴ በቀር ደህና ነን።

ልብስ መተኮሻ ቤቴ አሁንም ከባለሉካንዳው አጠገብ ነው። ሰውየው መስጊድ ውስጥ ፊት ለፊት ይሰለፋል፤ ልጁ ግን አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስትደርስ ሂጃቧን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ልጁን ለሰው ሀገር የሚያስረክብ ምን ዓይነት አባት ነው? ገብቼ ነገርኩት።

"አውቃለሁ፣ እሷው ነግራኛለች" አለኝ ቢላውን ሳያስቀምጥ። "ያንተዋስ ትነግርሃለች?"

ትቼው ወጣሁ። ከእንዲህ ያለ አልጫ ጋር ምን ይወራል?

የኔዋ እንደምታውቂያት ናት። ሂጃቧን ጠዋት ጠዋት እኔው እተኩስላታለሁ፤ ማታ ስትመልሰው እጥፋቱ እንኳ አልተነካም። ጨዋ ልጅ ልብስ አያያዝ ታውቃለች። ትናንት ሲዘንብ ዋለ። "ዝናቡ አገኘሽ?" ብላት "በስብሼ ነው የመጣሁት" አለችኝ። ሂጃቧን ብነካው ደረቅ ነው። የዘንድሮ ጨርቅ ውኃ አያስገባም መሰለኝ።

ብቻ ለባለሉካንዳው ልጅ ዱዓ አድርጊላት። ስሟን ስለማታውቂው የኔዋን ስም ጥሪ፤ አላህ ለማን እንደሆነ ያውቃል።

እሱ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምሽ