ብርዱን የቻሉት

ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከማሻ በታች፣ ከኩሬው ዳር

ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

አባዬ እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ብርድ ሲሆን ብቻ ጉልበቷን ያማታል። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት።

ስትደውል «ህሊና ለምን አታዋራኝም?» ትላለህ አሉ። ታውቀኛለህ፤ ስልክ ጆሮዬ ላይ ሲደረግ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋል። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ እንኳ መምህሩ ስሜን ሲጠራ «አቤት» ማለት ከብዶኝ ስንት ቀን ቀሪ ተብዬ ተጽፌያለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ሻሚል ነው፣ ያ አይሱዙ የሚነዳው የጅማው ልጅ። ነገ በቴፒ አድርጎ ወደ ሚዛን ይወርዳል፣ ከዚያ አንተ ያለህበት ዲማ ይገባል። ከቅዳሜ በፊት እጅህ እንዲገባ አደራ ብዬዋለሁ።

ነገሩን መጀመሪያ ልንገርህ፣ ምክንያቱን ከዚያ። ኩሬውን አናደርቀውም። ዓሦቹን በብርብራ አንጨርሳቸውም። እኔም ዲማ አልመጣም።

እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ግን አልሰርዘውም።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ባዘዘው መጣ። ወንድምህን ታውቀዋለህ፣ ድምፁ ይቀድመዋል። ትከሻው ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሟል፤ ውስጡ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ነው። ከኋላው ሁለት ጎረቤቶች ቅርጫት ይዘው ተከትለውታል። «አባትሽ አዞኛል» አለ። «እነዚህን ቀጫጫዎች ለቅመን እንብላና ኩሬው ይደፈን። ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። አንቺም ልብስሽን ሰብስቢ፣ አባትሽ ጋ ትሄጃለሽ።»

ብርብራ ምን እንደሚያደርግ ልጅ ሆኜ የነገርከኝ አንተ ነህ። ዱቄቱን ወንዝ ላይ ትበትኑና ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ትልቅ ትንሽ ብሎ አይመርጥም። ትናንት የተፈለፈለውም አብሮ ያልቃል።

ጫማዬን ሳላወልቅ ውሃው ውስጥ ገባሁ። እስከ ወገቤ።

«ውጪ!» አለ ጋሼ።

ወደ መሃል ራመድኩ።

«ውጪ ነው የምልሽ! ሰው ቆሞበት አይበተንም።»

«አልወጣም።»

ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ። «ይቺ ልጅ አፍ አላት እንዴ? አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ‹ጌታ ሆይ አንደበቷን ፍታ› እያልኩ ስጸልይላት ኖሬ!»

«እንግዲያው ጸሎትህ ተሰምቷል ጋሼ» አልኩት።

ጎረቤቶቹ ሳቁ። አንደኛው ቅርጫቱን ፊቱ ላይ ደፍቶ ነው የሳቀው። ጋሼ ግን ተናደደ። «ያዘዘኝ አባትሽ ነው እኮ!»

«አባቴ ራሱ መጥቶ ይበትነው።»

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ባዘዘው፣» አለችው ቀስ ብላ፣ «ልጄን ብርድ ሳይመታት ከረጢትህን ይዘህ ሂድልኝ።»

ሄደ። ግን እስከ ፊታችን ቅዳሜ ነው የታገሠን። «ወንድሜን ደግሜ ጠይቄው አዎ ካለኝ፣ በገመድ አስሬሽም ቢሆን እበትነዋለሁ» ብሏል። ከረጢቱን ቤቱ ወስዶ ሰቅሎታል። እንግዲህ የዓሦቹ ነገር ያለው አንተ ዘንድ ነው። አንተ ደግሞ ስለማታውቃቸው ነው የፈረድክባቸው።

አንተ የምታውቀው የሄድክበትን ሳምንት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ነሐሴ ነበር፣ ፀሐይ ካየን ስንት ቀን ሆኖን። ጠዋት ስንነሳ ኩሬው ነጭ ሆኗል፣ ሁሉም ሆዳቸው ወደ ላይ። ከቆላው ማራቢያ በላስቲክ ያመጣሃቸው ሦስት መቶ የቆሮሶ ዓሦች። በቅርጫት እያወጣህ ጣልካቸው። አጥሩ ላይ የቆሙት ሰዎች «የቴፒው ሰው ባሕር ከፍቶ ነበር እኮ!» እያሉ ሲስቁ ሰምተሃል። በሳምንቱ ወርቅ ልቆፍር ብለህ ሄድክ። አንድ በጋ ብቻ ነው ብለህ ነበር።

አልቀዋል ብለህ ነው የሄድከው። አላለቁም።

መስከረም ላይ፣ ምንጩ ወደ ኩሬው በሚገባበት ጥልቁ ጥግ፣ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሠላሳ ያህል ነበሩ። ለምን እዚያ እንደተሰበሰቡ ገርሞኝ፣ ሕፃን የምታጥብ እናት ውሃ እንደምትለካው ክንዴን እስከ ክርኔ ነከርኩ። ሌላው ውሃ አጥንት ይሰብራል፤ የምንጩ ግን ለዘብ ያለ ነው። ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ውሃ ክረምት ከበጋ ብዙ አይለዋወጥም። ለእነሱ ይህን ማን ነገራቸው?

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ክንዴን እየነከርኩ እነሱን ማየት ሥራዬ ሆነ። ጠዋት ምንጩ አፍ ላይ ተጠጋግተው ይቆማሉ። አይበሉም፣ አይሯሯጡም፣ ያለቻቸውን ጉልበት ይቆጥባሉ። ቀትር ላይ ደመናው ሲገለጥ ወደ ምሥራቁ ዳር ይወጣሉ፤ ግን እዚያም ጥላ ነው።

ያኔ ነው የገባኝ። አባዬ አትቆጣ። ጥፋቱ የዓሣው አልነበረም። አንተ ከቴፒ የወጣህ የቡና ሰው ነህ። ኩሬውን ብርብራ ዛፎቹ መሃል የቆፈርከው «ቡናም ጥላ ይወዳል፣ ዓሣም ነፍስ አለው፣ ጥላ ይወዳል» ብለህ ነው። ቴፒ ቢሆን ማንም አይስቅብህም ነበር፣ እዚያ ፀሐዩ ይጠብሳል። እዚህ ግን ቡናው ራሱ እያመነታ ነው የሚያፈራው። እኔና እማዬ የምሥራቁን ቅርንጫፎች በቆንጨራ መለመልናቸው። ፀሐይ ገባ። ጥር ላይ ወንዶቹ ፀሐይ ያረፈበትን ጭቃ በአፋቸው እየቆፈሩ እንደ ድስት ክብ ጎድጓዳ ሠሩ።

እናቲቱ እንቁላሏን የት እንደምታስቀምጥ ታውቃለህ? አፏ ውስጥ። ልጆቹ ተፈልፍለው እስኪዋኙ ድረስ አፏን ዘግታ፣ ምንም ሳትበላ ትቆያለች። እኔ የታመመች መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን አፏን ከፈተች፤ የስንዴ ፍሬ የማያክሉ ብዙ ልጆች ወጡ። ጥላዬ ሲያርፍባቸው ተመልሰው ገቡ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አልነግርህም።

በተከታዩ ክረምት ከልጆቹ ሞቱ፣ ግን ከግማሽ ያነሱት ናቸው። ከልጅ ልጆቹ ደግሞ በሦስተኛው ክረምት ከዚያም ያነሱ። የዓሣ ባለሙያው አቶ ይትባረክ ባለፈው ሰኔ ሲመጣ ነገርኩት፤ ማለቴ ጽፌ ወረቀቱን ሰጥቼው ሸሸሁ። ጠርቶ አስመለሰኝ።

«ፀሐይ ስላስገባሽላቸው ይሆናል» አለኝ። «ወይም ደግሞ ብርዱን የሚችለው ብቻ ተርፎ፣ ቻይ ቻይ ወልዶ ይሆናል። ሁለቱን ካልለየሽ አታውቂም።»

«እንዴት ይለያል?»

ከቆላው ማራቢያ አርባ አዳዲስ የዓሣ ጫጩቶች አመጣልኝ። ከእኛም እኩያቸውን አርባ መርጠን፣ በሁለት የመረብ ሳጥን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ውሃው አንድ፣ ምግቡ አንድ፣ ፀሐዩ አንድ። የሙቀት መለኪያም ሰጠኝ፤ ነሐሴ ላይ ጠዋት ጠዋት አሥራ አራት ያሳይ ነበር። መስከረም ሲጠባ ከአዲሶቹ ዘጠኝ ቀሩ። ከእኛዎቹ ሠላሳ አምስት።

አቶ ይትባረክ ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው። «አንድ ኩሬና አንድ ክረምት ብዙ አያናግርም፣ ለከርሞ እንደግመዋለን» አለ። «ግን እነዚህን እንዳታጠፊያቸው። ቢያልቁ ከየትም ገዝቼ አላመጣልሽም።»

ትንንሽ ናቸው፣ እውነት ነው። መዳፌን ሳያክሉ ይወልዳሉ። ጋሼ ቀጫጫ ይላቸዋል። እኔ ግን አራት ክረምት ያለፉ እላቸዋለሁ። አየሩም እንደ በፊቱ አይደለም፤ አምና መጋቢት ላይ ዝናቡ ዘግይቶ ዳር ዳሩ እንደ ሻይ ሞቀ። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ተሰብስበው ወደዚያው ወደ ምንጩ አፍ ሄዱ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቅዝቃዜ ፍለጋ። እነዚህን ነው ቀጫጫ ናቸውና ይጥፉ የምትሉት?

ዲማ ነይ ስላልከኝ አመሰግናለሁ። ሙቀቱን ፈርቼ አይደለም። እዚህ መኖር ለምጃለሁ፣ እስክለምደውም ቀላል አልነበረም። እማዬንም ትቼ አልሄድም።

ጋሼ ሲደውልልህ «ተው» በለው። አንዲት ቃል ናት። ካላልከው ግን ቅዳሜ ጠዋት ውሃው ውስጥ ነኝ። ደግሞ ብቻዬን አይደለሁም፤ እማዬም በዚያ ጉልበቷ እገባለሁ ብላለች። ገመድ ሁለት እንዲይዝ ንገረው።

አባዬ፣ የጨበጥከው አፈር ሁሉ ወርቅ ይሁንልህ። ጉድጓዱ እንዳይደረመስብህ በየቀኑ እንጸልያለን፤ እማዬም ስምህን አንድ ቀን እንኳ ሳትጠራ አትቀርም። ጌታ በወጣህበት ይጠብቅህ።

ልጅህ ህሊና

ልረሳው ነበር። ጭስ ላይ ያደረቅናቸውን ዓሦች በሻሚል እጅ ልኬልሃለሁ፣ በኮባ ቅጠል ሦስት ቦታ ጠቅልዬ። ሻሚል ሲጠይቁት መዋሸት አይችልበትም። ትልቁ ጥቅል ላንተ ነው፣ መካከለኛው ዲማ አብራህ ለምትኖረው፣ ትንሹ ለልጃችሁ። የትንሹን እሾህ አንድ በአንድ በጥፍሬ ለቅሜዋለሁ፤ ቢሆንም የቀረ እንዳይኖር ሳትዳስሰው አታጉርሰው። እማዬ ሦስቱን ጥቅሎች አየቻቸው።  የትንሹ ማሰሪያ ላልቶ ነበር፣ አጥብቃ ያሰረችው እሷ ናት።