ሣሩ ደረቀ፣ ክልከላው ለመለመ

ለተከበሩ የመኖሪያ ግቢያችን አስተዳዳሪ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እግርዎን፣ ወገብዎን፣ በተለይም ዓይንዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልኝ እየተመኘሁ፣ ከቢሮዎ መስኮት ፊት ለፊት ያለውን ሣር ግን ሰሞኑን ባያዩት እመርጣለሁ፤ እርስዎን የመሰለ ሰው በማለዳ እንዲያዝን አልፈልግም።

እኔ ከበሩ አጠገብ የምኖረው ልብስ ሰፊዋ ነኝ። ድምፄን ሰምተው ላያውቁ ይችላሉ፤ የስፌት መኪናዬን ግን ሰምተዋል፤ ስለ ጩኸቱ ማስጠንቀቂያ ልከውልኛልና። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የተጻፈበት ነገር ካገኘሁ ሳላነብ አላልፍም፣ የማዳበሪያ ጆንያም ቢሆን።

አንደኛ፦ ለሣራችን ማዳበሪያ ስላስበተኑ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ባዶውን ጆንያ ነፋስ ደጃፌ ላይ ቢጥለው አነበብኩት። ማዳበሪያው በተበተነ ዕለት ሣሩ ሥሩ እስኪርስ ውኃ ይጠጣ፣ አለዚያ ይቃጠላል፤ ውኃው እስኪሰርግም ሰው አይርገጠው ይላል። ቢሮዎ ከዚህ ሁሉ የመጨረሻዋን ብቻ መርጦ በሚያስደንቅ ፍጥነት ፈጸመ፤ «ሣሩ ላይ መሄድ ክልክል ነው» የሚለው ምልክት በዕለቱ ተተከለ። ውኃውን በተመለከተ፣ ጥበቃው ቀትር ላይ የሚይዘው የውኃ ጎማ አጭር ስለሆነ የሚያጠጣው አስፋልቱንና የመኪናዎን መቆሚያ ነው። አስፋልቱ አምሮበታል።

ሁለተኛ፦ ሣሩ መገርጣት ሲጀምር የግቢው ኮሚቴ ተሰብስቦ «ርቦት ነው» ብሎ ስለወሰነና ሌላ ማዳበሪያ ስለጨመረለት አመሰግናለሁ። የተጠማን ሰው ደረቅ ዳቦ ማጉረስም ደግነት ነው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኛ ሣር ግን የተጎዳው ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲስማሙ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውም ተረት ለግቢያችን አልሠራም፤ የተቃጠለው ቅጠሉ ራሱ ነውና።

ሦስተኛው አቤቱታዬ አማቴ ናቸው። ግማሽ ጎናቸው ዝሎ ከሐኪም ቤት ሲወጡ፣ እግራቸው እንዳይታሰር በየማለዳው ለስላሳ መሬት ላይ እርምጃ እንዲለማመዱ ታዘዋል። ሣሩ ሳይከለከል ክንዴን ይዘው ከግንቡ እስከ ዛፉ ይደርሱ ነበር። አሁን አስፋልት ላይ መውደቅን ፈርተው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው በመስኮት ያያሉ፤ ካልጋ ወደ ወንበር ለመሻገር እንኳ ሁለት ደጋፊ መፈለግ ጀምረዋል።

ፈቃድ ልለምን ቢሮዎ ብመጣ፣ ጸሐፊዎ ማዳበሪያው ውኃ ስላልጠጣ መርገጥ እንደማይቻል በትሕትና አስረዳችኝ። መቼ ይጠጣል ብላት የሌላ ክፍል ጉዳይ ነው አለችኝ። እንግዲያው እኔ በባልዲ ላጠጣው ብል፣ ለማጠጣት መርገጥ ግድ ስለሆነ፣ መርገጥ ደግሞ ክልክል ስለሆነ አይሆንም አለችኝ። እንዲህ ያለ ስፌት እኔም ከነመኪናዬ አልችልበትም፤ መግቢያም መውጫም የለው።

ይህን ለአማቴ ብነግራቸው ጥቂት አሰቡና፣ «ልጄ፣ አንቺ ማንበብ ታውቂ የለ? የተከለከለው ምን ላይ መሄድ ነው?» አሉኝ። ሣር ላይ ነው አልኳቸው። በመስኮት አሻግረው አዩና፣ «ታዲያ ሣሩ የታለ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሣር ባይኖርም ማዳበሪያው ስላለ፣ ዛሬ ማታ ከጎረቤቶቼ ጋር በባልዲ መሬቱን በደንብ አጠጥተን፣ ውኃው ሰርጎ መሬቱ ጠፈፍ ሲል አማቴን ይዣቸው እወጣለሁ። ከቢሮዎ ትእዛዝ አንዲት ቃል አንጥስም። ምናልባት ውኃ አግኝቶ አንድ ሁለት አረንጓዴ ነገር ብቅ ካለ ግን፣ አደራዎን፣ አማቴ ያለ ክንዴ ዛፉ ጋ እስኪደርሱ ድረስ ለኮሚቴው አይንገሩብኝ።

ለሣሩ ያሰቡትን ያህል ለእርስዎ የሚያስብ አይግጠምዎ እያልኩ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ጆንያዎን ያነበበችው ጎረቤትዎ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ሣር ከሌለ ምን ይሠራል ብለው ምልክቱን ለማስነቀል እንዳይቸኩሉ እማጸንዎታለሁ። ቢሮዎ በግቢው ውስጥ ካቆማቸው ነገሮች ሁሉ የማይነቃነቀው እሱ ብቻ ነው፤ አማቴ መሐል ደርሰው ሲደክማቸው የሚደገፉት ይፈልጋሉ።